በባሕሩ ያላሳበቡት ወይዘሮ ኦልዊን ታስከር

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የሙያ አጋሮች፣ እንዲሁም ከሆባርት ድረስ መጥታችሁ ቦታ ጠቧችሁ በመስኮቱ ሥር የቆማችሁ መርከበኞች፤ ዛሬ በዚህች በሲግኔት የእንጨት ቤተ ክርስቲያናችን አስከሬናቸው በፊታችን ያረፈውን የታላቅ እህቴን የወይዘሮ ኦልዊን ታስከርን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ራንዳል ዱጋን ነኝ። ለዚህ የተመረጥሁት አንደበተ ርቱዕ ሆኜ አይደለም፤ ራሳቸው ከማረፋቸው በፊት «ሌላው ሰው ያሳምረዋል፤ አንተ ግን ማሳመር አታውቅበትም» ብለው ስላዘዙኝ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የመርከበኞች ክበባችን ሊቀ መንበር ስልክ ደውለውልኝ ነበር። እዚህ ሁለተኛው ወንበር ላይ ስለተቀመጡ በሌሉበት አላማኋቸውም። «ስማ ራንዳል» አሉኝ፤ «እህትህ ትልቅ ሰው ነበሩ። ያንን የጀልባዋን የጋኔትን ነገር ባታነሣው ምናለበት? በገዛ ቀብራቸው ቀን ማዋረድ ይሆንብናል። ባሕሩ ነው ያደረገው፣ አለቀ።» እኔም «ጌታዬ፣ እርስዎ ባሕሩ ነው ይበሉ፤ እርሳቸው ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አላሉም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ስለዚህ ዛሬ ያንን ነገር ጭምር ትሰማላችሁ፤ መስማት የማይሻ ቢኖር በሩ ክፍት ነው፣ ሻዩም በአዳራሹ ተዘጋጅቷል።

ወይዘሮ ኦልዊን ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው ከአቶ ሌስተር ዱጋንና ከእናታቸው ከወይዘሮ መርትል በ1938 በዚሁ በሁዎን ወንዝ ዳር ተወለዱ። እናታችን በመከር ወራት ፖም በወረቀት እየጠቀለሉ በሣጥን ሲያሽጉ፣ አባታችን ደግሞ ለዓሣ አጥማጆች የሚሆን ጀልባ ከወንዛችን ጥድ ይሠሩ ነበርና፣ ቤታችን ዓመቱን ሙሉ የጥድ ዘይትና የፖም ሽታ ሲሻሙበት ይኖር ነበር። አባታችን አንዲት ጀልባ ከመጀመራቸው በፊት የጎኗን ቅርጽ ክንድ በሚያህል ቁራጭ እንጨት ላይ ቀርጸው ያወጡ ስለነበር፣ ኦልዊን ገና በልጅነታቸው ያንን ቁራጭ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ «አባባ፣ እዚህ ጋ እኮ ውሃው ይደናቀፋል» ይሏቸው ነበር። አባታችንም «ዝም በይ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ብለው ይቆጡና፣ ልጅቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቀው ያንኑ ቦታ በመላጊያ ይነካኩት ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚሁ በሲግኔት ትምህርት ቤት ገብተው በሒሳብ የሚወዳደራቸው ጠፋ፤ ይሁንና እንደዘመኑ ልማድ ወንዶቹ ወደ ንድፍ ክፍል፣ ሴቶቹ ወደ ስፌት ክፍል ሲመደቡ፣ እርሳቸው ከንድፍ ክፍሉ በር ላይ አልነቃነቅም አሉ። መምህሩ «ሴት ልጅ የቤት ንድፍ ምን ያደርግላታል?» ብለው ሲያፌዙ «የቤት አይደለም፣ የጀልባ ነው» ብለው መለሱላቸው፤ ከክፍል ቢባረሩም ከውጭ በኩል በመስኮቱ ላይ ተንጠላጥለው ሰሌዳውን እያዩ መንፈቅ ዓመቱን ጨረሱት። በሚቀጥለው መንፈቅ ዝናብ ሲበዛ መምህሩ ራሳቸው መስኮቱን ከፍተው «ግቢ እንግዲህ፣ ብትታመሚ የሚወቀሰው እኔ ነኝ» አሏቸው። በእህቴ ሕይወት ብዙ በሮች የተከፈቱት እንደዚህ ነው፤ የከፈተው ሰው ስላሸነፉት እንጂ ስለወደዳቸው አልነበረም።

ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ ሆባርት ወርደው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ሆኑ፤ ቀን ቀን የውሃ ግድብ፣ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ የጀልባ ንድፍ እየሠሩ ሲኖሩ፣ ከሸራ ሰፊው ከአቶ ዴስ ታስከር ጋር በሥራ ምክንያት ተጣልተው በ1961 በተክሊል ተጋቡ። አቶ ዴስ ረጋ ያሉ፣ ቀልድ አዋቂ ሰው ነበሩ፤ በሠርጋቸው ቀን «ሸራው የእኔ፣ ጀልባው የእርሷ ነው፤ ከተጣላን ነፋስ ያስታርቀናል» ማለታቸውን በቦታው የነበርን ሁሉ እናስታውሳለን። ልጆቻቸውን ኔቪልንና ኮሪንም አፈሩ።

እዚህ ላይ መርከበኛ ላልሆናችሁ ሐዘንተኞች አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። በውቅያኖስ እሽቅድምድም ትልቁም ትንሹም ጀልባ አብሮ ስለሚሮጥ፣ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ አያሸንፍም። ለኪዎች እያንዳንዷን ጀልባ በታወቁ ቦታዎች ላይ በሜትር ለክተው ቁጥር ይሰጧታል፤ የሮጠችበትም ሰዓት በዚያ ቁጥር ይሰላል፤ በስሌቱ ያነሰችው ታሸንፋለች። እንግዲህ ሜትሩ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ ሠሪ እዚያው ቦታ ላይ ጉብታ ያወጣል፤ የጀልባዋን የኋላ ጫፍ ያቀጥናል፤ ሕጉ ቶሎ የምታዘነብለውን ጀልባ ደካማ ናት ብሎ ስለሚያዝንላትም፣ ከሥሯ ሆኖ ቀጥ አድርጎ የሚያቆማትን የእርሳስ ክብደት ይቀንስላታል። በዚህ መንገድ የተሠራችው ጀልባ በወረቀት ላይ ቀርፋፋ፣ በውሃ ላይ ፈጣን ትሆናለች። ሕጉ የፈቀደው ስለሆነ ማንም አጭበርባሪ አይባልም ነበር፤ ሁሉም ያደርገው ነበር፤ ከሁሉም አብልጠው ያደርጉት የነበሩት ግን የእኔ እህት ናቸው። በተከታታይ ዓመታት ዋንጫውን የወሰዱት ጀልባዎች ሁሉ የእርሳቸው እጅ ሥራ ነበሩ፤ እርሳቸውም እንደማንኛውም ሰው ጭብጨባ ይወዱ ነበር።

ጋኔት የምትባለው ጀልባ የዚህ ብልሃት መጨረሻ ነበረች። አቶ ዴስ ለሙከራ ወጥተው ሲመለሱ «ኦሊ፣ ይህቺ ልጅ ነፋስ ከኋላ ሲመጣባት ትሰክራለች፤ መሪው አይገዛትም» አሏቸው። ኦልዊን ግን «አንተ ሸራህን ስፋ!» ብለው መለሱ። ይህንን ከእኔ ያልሰማችሁ ከእርሳቸው ሰምታችኋል፤ በየደረሱበት ይናገሩት ነበርና።

በ1977 በዓመታዊው የደቡብ ውድድር፣ ጋኔት ባስ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ላይ ስትሮጥ ከኋላዋ ብርቱ ነፋስ ተነሣ፤ አቶ ዴስ እንደፈሩት መሪው አልገዛ አለ፤ ጀልባዋም ዞራ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች፤ ማዕበሉም ገለበጣት። ጀልባ መገልበጥ ያለ ነው። ጋኔት ግን ተገልብጣ ቀረች፤ ሰፊ ወገቧና ቀላል እርሳሷ ምሰሶዋን ወደ ታች፣ ሆዷን ወደ ሰማይ አድርገው አስተኟት። ሌላ ማዕበል መጥቶ እስኪያቃናት ድረስ ሰዎቹ በጨለማ ውስጥ ከውሃው ጋር ታገሉ፤ አብረው ተሳፍረው የነበሩት የአቶ ዴስ የግራ እጅ ጣቶች ተሰባበሩ። በመሪው ላይ የነበረው የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቴሪ ፌንተን ከጀልባዋ ጋር የታሰረበት ገመድ ተበጥሶ ተገኘ። ቴሪ ራሱ ግን አልተገኘም፤ እስከዛሬም አልተገኘም።

ክበቡ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ከርሞ፣ የአደጋው ምክንያት የባሕሩ ጠባይ ነው፣ ማንም ሰው ተጠያቂ አይደለም የሚል ቃል በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ጀልባዋ ጥፋተኛ ናት ቢባል ሕጉም ጥፋተኛ ሊሆን ነው፤ በዚያው ሕግ የተገኙ ዋንጫዎች ደግሞ በግድግዳው ሁሉ ተደርድረዋል። ቃሉ በክበቡ የምግብ አዳራሽ ተነቦ ሰው ሁሉ እፎይ ሲል ኦልዊን ከወንበራቸው ተነሡ።

«ባሕሩ ምን አደረገ?» አሉ። «ባሕር ነው፤ ዱሮም ማዕበል ነበረው። ጀልባዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። ሜትራችሁን ደስ ላሰኝ ብዬ እርሳሱን ቀነስኩ፤ ልጁን የገደለው እሱ ነው። ይኼንን ጻፉ።»

የዚያን ጊዜው ሊቀ መንበር አቶ ሂው ላንግዴል «እመቤት ታስከር፣ ሐዘን ላይ ነዎት፤ ይቀመጡ፤ ማንም እኮ አልከሰሰዎትም» አሏቸው።

«እሱ ነው ያናደደኝ!» ብለው እህቴ ወጡ።

በማግሥቱ ኬተሪንግ ወደምትባለው መንደር ሄደው የቴሪን እናት የወይዘሮ አይሪስ ፌንተንን ደጅ አንኳኩ። ወይዘሮ አይሪስ የእርሳቸው እኩያ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ በወደቡ ስካሎፕ የሚባለው የባሕር ዛጎል በሚፈለፈልበት ሼድ እየሠሩ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ባሕሩ ወሰደው እያሉ ሊያጽናኗቸው የመጡትን ሁሉ ሻይ አቅርበው አስተናግደዋል። ኦልዊን ግን በረንዳው ላይ እንደቆሙ «ልጅሽን የገደለው የእኔ ንድፍ ነው» አሏቸው። ወይዘሮ አይሪስ በሩን ዘጉት። እህቴ ይህንን በር አልታገሉትም፤ ለማንኳኳትም ዳግም አልሄዱም።

ይልቁንም በዚያው ንድፍ የተሠሩት የጋኔት እኅት ጀልባዎች ገና በውሃ ላይ ነበሩና ወደ ባለቤቶቻቸው ሄዱ። አንደኛው ባለቤት «ሴትዮ፣ ቁጥሬን ልታበላሺብኝ ነው?» ቢላቸው «ቁጥርህ አይዋኝም» አሉት፤ እሱም ከጥቂት ቀን ማጉረምረም በኋላ ጀልባውን አስረከባቸው፤ በገዛ እጃቸው ጉብታዎቹን ልገው እርሳሱን ጨመሩበት። ሁለተኛው ግን እምቢ ስላለ፣ ጀልባዋ ወደ ውሃ የምትንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ፤ ሰውየው ቢለምን፣ ቢሰድብ፣ ፖሊስ ቢጠራ አልተነሡም። ፖሊሱም የአቶ ዴስ የአክስት ልጅ ስለነበር ሳንድዊች ይዞላቸው መጣ። በመጨረሻ የሰውየው ሚስት «አንተ ሰውዬ፣ ልጆቻችን የሚሳፈሩበት አይደለም እንዴ?» ብለው ሲጮኹበት ነገሩ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ደረቀ። ቁጥር የምታበላሽ ሴት ተብለው ስማቸው ስለወጣ ደጃቸውን የሚረግጥ ደንበኛ ጠፋ፤ እርሳቸውም በአባታችን አሮጌ ሼድ ውስጥ ለራሳቸው አንዲት ጀልባ ይሠሩ ጀመር፤ ጠባብ፣ እንደ ዓሣ ጎን ለስላሳ፣ እርሳሷ ከባድና ጠለቅ ያለ፣ ለሜትር የሚያጎበድድ አንዳች ጉብታ የሌላት። ስሟንም «እምቢተኛ» አሏት። ወደ ውሃ በወረደች ጊዜ በሆባርት ወደብ ክሬን አቁመው፣ ራሳቸው ውስጧ ገብተው ከአልጋው ጋር በቀበቶ ታስረው፣ «ገልብጧት!» ብለው አዘዙ። ወደቡ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ለኪዎቹም፣ አቶ ላንግዴልም፣ አልሆነም ብለው ለመሳቅ የመጡም ነበሩ። ክሬኑ ገለበጣት፤ ገመዱ ሲለቀቅ ጀልባዋ ትንፋሽ ሳትሰጥ ዞራ ቀና አለች፤ መዝጊያው ተከፈተና እህቴ ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግራቸው ደም በደም ሆነው ብቅ አሉ።

ሕዝቡ ጮኸ። አቶ ዴስ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ወደ ውሃው ዘለሉ። እህቴ ግን «አትንጫጩ! ቀለም ነው!» አሉ። የጀልባዋን ሆድ የቀቡበትን የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ከውስጥ ረስተውት ነበር፤ የዓለምን ማዕበል ሁሉ ያሰሉ ሴት የአንድ ቆርቆሮ ክዳን ሳያጠብቁ ተገለበጡ። ሳቁ ገና ሳይበርድ፣ ማንም ያልጠራቸውና ማንም ያላያቸው አንዲት ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሴት ከሰዉ መካከል ወጥተው ወደ ውሃው ዳር ቀረቡ። ወይዘሮ አይሪስ ነበሩ።

«እንደገና ገልብጪያት» አሉ።

እህቴ ቀለሙን ከዓይናቸው ጠረጉና አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ተመልሰው ገቡ። ጀልባዋም ተገልብጣ እንደገና ተነሣች። ወይዘሮ አይሪስ እስክትቀና ቆመው አይተው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ሄዱ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ደንበኛ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ከእህቴ እጅ የወጣች ጀልባም ሁሉ ሁለት ጊዜ ትገለበጥ ነበር፤ አንደኛው ለባለቤቷ፣ ሁለተኛው ለአይሪስ። ወይዘሮ አይሪስም በእያንዳንዱ ግልበጣ ያንኑ ካፖርት ለብሰው ይመጡ ነበር፤ ሻይ ቢሰጧቸው አይጠጡም፣ ወንበር ቢያቀርቡላቸው አይቀመጡም፣ ለእህቴም አንድ ቃል አይናገሩም። ከባለቤቶቹ አንዱ አንድ ጊዜ ሰዓት ሄደብን ብሎ «ሁለተኛው ቢቀርስ?» ቢል፣ እህቴ ክፍያውን መልሰው ጀልባዋን ለሌላ ሰው ሰጡበት። እምቢተኛም በየዓመቱ ውድድሩን ትሮጥ ነበር፤ ከማንም ቀድማ ሆባርት ስትገባ፣ ለኪዎቹ በሰጧት ቁጥር ምክንያት በወረቀቱ ላይ የመጨረሻ ትባል ነበር፤ እህቴም ከመጨረሻው ረድፍ ስማቸውን እያነበቡ ቢራቸውን በደስታ ይጠጡ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ያ የጉብታ ሕግ በጊዜው ተሻረ፤ ዛሬ የእርሳቸውን ጀልባዎች የሚቀዱት ትናንት የሳቁባቸው ናቸው። ስሜታቸውን መጉዳት ባልፈልግም ካነሣሁት አይቀር ብያለሁ።

የአጣሪ ኮሚቴው ቃል ግን አልተለወጠም። ክበቡ በሰባኛ ዓመታቸው «የባሕር ጭካኔ ላልበገራቸው» የሚል ሜዳልያ ቢሸልማቸው፣ እህቴ «ጨካኙ ባሕር አይደለም አልኳችሁ፤ መጀመሪያ ያንን አርሙ» ብለው ከነሣጥኑ መለሱት። ባለቤታቸውን አቶ ዴስን በሞት ከተነጠቁ በኋላም፣ ጀልባ ሲፍቁ ለዓመታት ሲተነፍሱት የኖሩት የፋይበር ብናኝ ሳንባቸውን በያዘው ጊዜም፣ ይህንን ጥያቄ አላቋረጡም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ብንላቸው «እኔ ልውቀጠው፣ አንተ ዝም በል» ይሉኝ ነበር።

በዚህ ዓመት መጋቢት ላይ የመጨረሻ ንድፋቸው የሆነችው ጀልባ በልጃቸው በኮሪ እጅ ተሠርታ ወደ ውሃ ወረደች። እህቴ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ኦክስጅን በአፍንጫቸው ተደርጎ፣ በወደቡ ተገኙ። የባለቤቱ ግልበጣ አለቀ፤ ለሁለተኛው ኮሪ ልትገባ ስትል፣ ወይዘሮ አይሪስ ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ካፖርታቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ዞር በይ» አሏት፤ «እኔ ነኝ የምገባው።»

«ኧረ ወይዘሮ አይሪስ! ሰባ አምስት ዓመትዎ እኮ ነው!» አለች ኮሪ።

«ዕድሜዬን መቼ ጠየቅኩሽ? ይልቅ ቀበቶውን አጥብቂልኝ።»

ማንም ሊከለክላቸው አልደፈረም፤ እህቴም በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ጀልባዋ ስትገለበጥ ያየሁት የእህቴን ፊት ነው፤ ያንን የመሰለ ፍርሃት በእርሳቸው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ጀልባዋ ዞረች፣ ቀና አለች፣ መዝጊያው ተከፈተ። ወይዘሮ አይሪስ ጠጉራቸው ከግንባራቸው ላይ ተለጥፎ ወጡ፤ በእርጥብ ጫማቸው ቀጥ ብለው ወደ ተሽከርካሪው ወንበር መጡና «ገልብጪያት» ካሉበት ቀን ወዲህ ለእህቴ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ።

«ስሚ ኦልዊን፤ አልማርኩሽም።»

«አውቃለሁ» አሉ እህቴ።

«ጀልባዋ ግን ጥሩ ናት።»

እህቴ ያን ቀን ከቤታቸው ሲደርሱ አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ያየኋቸውም ያን ቀን ብቻ ነው። «ራንዳል፣ ከሰው ሁሉ ውሸት ሲሰጠኝ ኖሬ እውነት የሰጠችኝ እሷ ብቻ ናት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ እየጠና ሄደና፣ በሐኪሞችም በልጆቻቸውም ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው እሑድ ጠዋት በተወለዱበት በዚህ ወንዝ ዳር በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወይዘሮ ኦልዊን ታስከር የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ኔቪልንና ኮሪን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ በጀልባዎቻቸው ተሳፍረው፣ ተገልብጠው፣ ተነሥተው ወደየቤታቸው የገቡትንና ዛሬ በመስኮቱ ሥር የቆሙትን መርከበኞች ሁሉ ትተውልን አልፈዋል። ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እመኛለሁ፤ እግዚአብሔር አምላክም እውነትን ለተናገረች ነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቴሪ ፌንተንም ነፍስ ከእርሳቸው አስቀድሞ ዕረፍትን ይስጥልን።

ወይዘሮ አይሪስ ፌንተን ከሟች ወዳጆች ጋር እንዳልቆጥራቸው አስጠንቅቀውኛልና አልቆጠርኋቸውም። ትናንት ግን ወደ ቤታችን መጥተው፣ ሬሳ ሣጥኑን ከፊት በቀኝ በኩል የምይዘው እኔ ነኝ አሉ። ይከብድዎታል ብንላቸው «እኔ ለልጄ የምሸከመው ሣጥን አላገኘሁም» ብለው መለሱልን። እንግዲህ ወይዘሮ አይሪስ ቦታቸውን ይያዙ፤ ሌሎቻችሁም ተነሡና እንሸከማቸው።